ሥጋ አይቶ የማያውቅ መጥበሻ

መተማ ቆላ፣ ኮኪት ውስጥ፣ ከሰሊጥ መጋዘኖቹ ፊት ለፊት፣ የጭነት መኪኖች ተራ የሚጠብቁበት ሜዳ ዳር አንዲት ራኩባ አለች። አራት እንጨት ተተክሎ ከላይ ሣር ለብሷል፤ ግድግዳ የሚባል ነገር የላትም። ከአራቱ እንጨቶች በአንደኛው ላይ ሚስማር ተመትቷል፤ በሚስማሩ ላይ እስካለፈው ፋሲካ ድረስ አንድ ጥቁር የብረት መጥበሻ ይሰቀል ነበር። ከመጥበሻው በቀር በዚያ ሚስማር ላይ ማንም ምንም አይሰቅልም። ሻሽ አይሰቀልበትም፣ ፌስታል አይንጠለጠልበትም። ለአገሩ እንግዳ የሆነ ሰው «ይኸ ደግሞ ምን ታቦት ነው?» ብሎ ሊስቅ ይችላል። ሳቁን ግን አየሁሽ ፊት አይጨርሰውም።

አየሁሽ እንቁላል ጠብሳ የምትኖር ሴት ናት። ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ትንሽ ቀርቷታል፤ ቀጠን ያለች፣ ብዙ የማትናገር፣ ስትቆጣ ድምጿ ከፍ በማለት ፈንታ ዝቅ የሚል። አባቷ ከዳባት ወርደው ቆላ የቀሩ ገበሬ ነበሩ፤ እሷ ግን ደጋን በስም እንጂ በእግሯ አታውቀውም። ሙቀቱንም፣ አቧራውንም፣ ወባውንም የእኔ ብላ ተቀብላ ነው ያደገችው።

የመጥበሻው ሕግ አንድ ነበር፤ ሥጋ አይነካውም። በዚህ አገር ክርስቲያንና እስላም አብሮ ያርሳል፣ አብሮ ይሸከማል፣ አብሮ ይነግዳል፤ በሠርግም በለቅሶም ይገናኛል። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ሥጋ ይለያየዋል። አንዱ በስመ አብ ተብሎ የታረደውን፣ ሌላው ቢስሚላህ ተብሎ የታረደውን ይበላል፤ የአንዱን ሥጋ ሌላው አይቀምስም፣ ያን ሥጋ በነካ ድስትም አይበላም። ይህን ያወጣው አንድ ሸህ ወይም አንድ ቄስ አይደለም፤ ከአባት ከአያት የመጣ ነው፣ ከአባት ከአያት የመጣውን ደግሞ ማንም ቆሞ አይከራከረውም። ከዚህ ሁሉ የተረፈ እንቁላል ብቻ ነው። እንቁላል አራጅ የለውም፤ ማንም በላዩ ላይ የማንንም ስም አልጠራበትም። ስለዚህ ሥጋ አይቶ በማያውቅ መጥበሻ የተጠበሰ እንቁላል ከመጣ ሁሉም እጁን ይሰዳል። የአየሁሽ ሙሉ ንብረት ይህች ነገር ነበረች፤ ሣሩና እንጨቱማ የማንም ነው።

ነገሩ የተጀመረው የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ፣ ባሏ አዛናው በመጋዘኖቹ ጫኝና አውራጅ በነበረበት ጊዜ ነው። ጓደኛው ሷሊህ ይባላሉ። በዕድሜ ከአዛናው ብዙ ይበልጡት ነበር፤ ግን ኩንታል ሲያነሡ የሚገጥማቸው እሱ ብቻ ነበር። ሁለቱ ጆንያውን ግራና ቀኝ ይዘው ሲያነሡ አንድ ሰው ያነሣው ይመስል ነበር ይላሉ ያዩዋቸው። ምሳ ሲደርስ ግን ሠራተኛው ለሁለት ይከፈላል፤ ክርስቲያኑ በአንድ ዛፍ ሥር፣ እስላሙ በሌላው ዛፍ ሥር። አዛናው ከዚህኛው፣ ጋሽ ሷሊህ ከዚያኛው ሆነው በሩቁ እየተያዩ ይበላሉ። ጧት አንድ ጆንያ ያነሡ ሁለት ሰዎች እህል ሲመጣ መለያየታቸው አዛናውን ያበሳጨው ነበር።

አንድ የጥቅምት ቀን አዛናው ምሳው አንድ የተቀቀለ እንቁላልና አንድ ዳቦ ብቻ ሆነ። ተነሣና ወደ እስላሞቹ ዛፍ ሄደ። ከጆንያ አፍ ላይ አንድ ክር መዘዘ፣ እንቁላሉን ልጦ ክሩን በወገቡ ዙሪያ ጠመጠመው፣ ግራና ቀኝ ሳበው። እንቁላሉ አስኳሉ ሳይፈረፈር ለሁለት ተከፈለ። ግማሹን ለጋሽ ሷሊህ ሰጣቸው። «በአንድ እንቁላል ሁለት ወንድ!» ብለው ሌሎቹ ሳቁ፤ ሁለቱ ግን ድርሻቸውን በሉ። ማታ ቤቱ ሲገባ ይህን ለአየሁሽ ሲያወራላት ፊቱ እንደ ሙሽራ ፊት ይበራ እንደነበር እስከ ዛሬ ትናገራለች።

በሳምንቱ መተማ ዮሐንስ ሄዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ከሱዳኗ ገላባት ሱቅ ያን መጥበሻ ገዝቶ መጣ። ያን ጊዜ መሻገር ቀላል ነበር። «ይኸን ሥጋ እንዳታሳይው» አላት። «ይኸ የእኔና የጋሽ ሷሊህ ነው።» ከዚያ ቀን ጀምሮ አየሁሽ ምሳ ይዛ መጋዘን ትወርዳለች፤ ሁለቱ ከአንድ መጥበሻ ይበላሉ። ቆይቶ ከየዛፉ ሥር አንድ አንድ ሰው እየተነሣ ይጨመራቸው ጀመር።

አዛናውን አንድ መስከረም ላይ ወባ በሦስት ቀን ነጠቀችው። በሁለተኛው ቀን አየሁሽ ትንሽ እህል ቢቀምስ ብላ እንቁላል ጠብሳ አቀረበችለት። አንድ ጉርሻ ወሰደ፣ «ቀሪውን አንች ብይው» አለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እሷ አልበላችውም። ሲነጋ የደረቀውን እንቁላል ለውሻ ጣለችው። ከዚያ ወዲህ አየሁሽ እንቁላል በአፏ አልዞረም። ስእለት አይደለም፣ ንስሓም አይደለም፤ ምን እንደሆነ ራሷም አታውቀውም። ሰው «ለምን?» ሲላት «አይስማማኝም» ትላለች፣ ነገሩ በዚያው ያልፋል።

በቀብሩ ዕለት ጋሽ ሷሊህ አስከሬኑን ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ በትከሻቸው ተሸክመው፣ ቅጥሩ ጋ ሲደርሱ ለክርስቲያኖቹ አስረከቡ። ፍትሐቱ እስኪያልቅ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆመው ጠበቁ። አርባው ሲወጣ ወደ አየሁሽ ቤት መጡ። «አየሁሽ፣ መጥበሻውን አውጭው እንጅ። እኔ ምሳየን የት ልብላ?» አሏት። የራኩባዋን አራት እንጨት የተከሉት እሳቸው ናቸው፤ ሚስማሩንም የመቱት እሳቸው። እየሩስ፣ ብቸኛ ልጇ፣ ያን ጊዜ ዐሥር ዓመቷ ነበር፤ አክስቷ ዘንድ ጎንደር ተላከችና እዚያው ተማረች።

አየሁሽ እንዲህ ነው እንጀራ የበላችው። ለአራት ሰው አራት እንቁላል የሚሰብር ሰው እሷ ዘንድ ወይ ሀብታም ነው ወይ አያውቅም። ሽንኩርቱን አድቅቃ ትከትፍና መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ በጨው ብቻ ታቁላላዋለች፤ የራሱን ውሃ አውጥቶ እንዲበስል ነው። ቲማቲሙ ይከተላል። የሰሊጥ ዘይቱ በማንኪያ ነው የሚገባው፣ በጠርሙስ አፍ አይደለም። ከዚያ ሦስት እንቁላል ከሁለት ማንኪያ ውሃ ጋር መትታ በላዩ ላይ ታፈሰዋለች፣ ትከድነዋለች፣ አትነካካውም። «እንቁላል የሚያንሰው ማንኪያ ሲበዛበት ነው» ትላለች። ተገልጦ ሲወጣ መጥበሻውን ሞልቶ ይታያል፤ አራት ወንድ ከዳቦ ጋር በልቶ ይነሣል። የባሰ ቀን ሲመጣ ያደረ የማሽላ እንጀራ ትቆራርስበታለች፤ ያኔ ሁለት እንቁላል ለአራት ሰው ይደርሳል። ከዚያም የባሰ ሲመጣ ቀጠን ያለ ሽሮ ሠርታ አንድ እንቁላል ትሰብርበታለች። ያን ቀን ማንም አያጉረመርምም፤ ቀኑ የከፋው ለሁሉም መሆኑን ያውቃላ።

እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል የሚለውን የተረተው ሰው ደገኛ መሆን አለበት። በመተማ ቆላ ሚያዝያ ላይ እንቁላል እግር እስኪያወጣ አይጠብቅም፤ ይሸታል። አየሁሽ ከውሃው ዚር፣ ከትልቁ የሸክላ ጋን ሥር፣ ርጥብ አሸዋ ውስጥ ትቀብረዋለች፤ ከመስበሯ በፊትም ውሃ ውስጥ ትጥለዋለች። የሰመጠው ይጠበሳል፣ የተንሳፈፈው ይጣላል። ደብቃ የተንሳፈፈ አብልታ አታውቅም። አብይ ጾም ሲገባ ክርስቲያኖቹ ይቀራሉ፣ እስላሞቹ ይመጣሉ፤ ረመዳን ሲገባ ተራው ይገለበጣል። ጾም ኖረም አልኖረም አየሁሽ ጨውን በዓይኗ ነው የምትቀምሰው። «ጨው በዛ» ወይም «ጨው አነሰ» ብሏት የሚያውቅ ሰው የለም።

ባለፈው ዓመት ሁለቱ ጾም ገጠሙ። አብይ ጾምም ረመዳንም በአንድ ወር ውስጥ ገቡና ራኩባዋ ጭር አለች። አየሁሽ እየመጣች መጥበሻውን ታወርዳለች፣ ትወለውለዋለች፣ መልሳ ትሰቅለዋለች። በኋላ ኢዱ አለፈ፣ እነ ጋሽ ሷሊህ ተመለሱ። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ተጠግቶ ነበር፤ መሸከም ትተው የመጋዘን ጥበቃ ሆነዋል፣ ባለቤታቸው ሞተዋል፣ በቀን አንዴ የሚበሉት ደህና ምግብ የአየሁሽ እንቁላል ነው። ከዚያ ፋሲካ መጣ። ከፋሲካው ጋር ደግሞ እየሩስ መጣች።

እየሩስ ጎንደር መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ እናትና ልጅ በስልክ ብቻ ተገናኝተው ሁለት ፋሲካ አልፏል። ስለዚህ አየሁሽ ያን ሰሞን እግሯ መሬት አልነካም ነበር። ቅርጫ ገባች፣ ዶሮ ሠራች፣ ያለ ልማዷ ዘፈን ስታንጎራጉር ተሰማች። ራኩባዋ በር ስለሌላት ለበዓሉ ሰሞን መጥበሻውን አውርዳ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ቤቷ መደርደሪያ ላይ አስቀምጣው ነበር።

በበዓሉ ማግስት፣ ሰኞ ዕለት፣ አየሁሽ የታመመች ጎረቤት ልትጠይቅ ወጣች። እሷ እንደወጣች የአዛናው ዘመዶች ከሽንፋ ሳይታሰቡ ደረሱ። ሦስት ናቸው፣ ርቧቸዋል፣ የቸኮሉም ናቸው። እየሩስ ድስቱ ሁሉ በወጥ ተይዞባታል፤ መደርደሪያው ላይ በጨርቅ የተጠቀለለውን አየች፣ ፈታችው፣ ከቅርጫው ሥጋ ቆርጣ በቅቤ ጠበሰችላቸው። እንግዶቹ በልተው መርቀዋት ሄዱ። መጥበሻውን በአመድና በሎሚ ፈትጋ አጠበችው፣ አደረቀችው፣ እንደነበረ ጠቀለለችው። ልጅቱ የእንቁላል መጥበሻ መሆኑን ታውቃለች፤ ለምን እንደሆነ ግን አታውቅም ነበር። ከዐሥር ዓመቷ ጀምሮ ከዚህ ቤት የራቀች ልጅ ማን ይንገራት? አየሁሽም ብትሆን ይህን ነገር ለማንም ቁጭ ብላ አስረድታ አታውቅም፤ ሁሉም ሰው አብሮት የተወለደ ይመስላታል።

ማክሰኞ ዕለት መኪና ገባ ተባለና አየሁሽ መጥበሻዋን ይዛ ወረደች፤ እየሩስ ሽንኩርት ልትከትፍላት ተከተለቻት። ከተመጋቢዎቹ መካከል ሳጂድ የሚባል አዲስ ሹፌር ነበር፤ ከመተማ ዮሐንስ ማሽላ ሊጭን የመጣ ጎልማሳ። መጥበሻው ሲቀርብ እጁን ሰበሰበ።

«እናት፣ አይክፋሽና፣ ዕቃው እንደት ነው?»

አየሁሽ አፏን ሳትከፍት ጋሽ ሷሊህ መለሱለት። «ብላ፣ ልጀ። ይኸ መጥበሻ ሥጋ አይቶ አያውቅም። ዋሱ እኔ ነኝ።» ይህን ብለው ከሁሉ በፊት ቆርሰው ጎረሱ። ሳጂድም ቢስሚላህ ብሎ እጁን ሰደደ። እየሩስ ቢላዋው ሽንኩርቱ ላይ እንዳለ ቀረች።

ወደ ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ ነገረቻት። ፀሐይዋ ገና አልበረደችም፤ አየሁሽ መጥበሻውን በነጭ ጨርቁ ጠቅልላ ብብቷ ሥር ይዛዋለች። ልጅቱ እየተንተባተበች ጨረሰች። አየሁሽ ድምጿ ዝቅ አለ።

«ቅቤም ነክቶታል?»

«ነክቶታል፣ እማየ። ግን አጥቤዋለሁ፤ በአመድ፣ በሎሚ፣ ሁለት ጊዜ...»

«ብረት ቅባት ይጠጣል፣ ልጀ» አለች። መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ልጇን አልተሳደበችም። ብትሰድባት ይሻላት ነበር ለእየሩስ፤ እናትየው ግን ጨርቁን በጣቷ ታሻሽ ነበር። የምታስበው ስለ ሥጋው አልነበረም። ጋሽ ሷሊህ አስቀድመው የቆረሱትን ጉርሻ ነበር የምታስበው።

በማግስቱ ጧት ዳቦ የምታመጣላት ማናዬ መጣች። ማናዬ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ነገር ሁሉ በቀላሉ እንዲያልቅ የምትወድ ሴት ናት። የሆነውን ስትሰማ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው።

«አፍሽን ያዥ» አለቻት። «ሳያውቅ የበላ ሰው አይኮነንም፤ በእነሱም እንዲሁ ነው። አንች ስትነግሪያቸው ነው ጭንቁ የሚጀምራቸው። መጥበሻውን ጣይና ሌላ ግዥ፣ አለቀ።»

አየሁሽ ይህን ሌሊቱን ሙሉ ለራሷ ብላዋለች። እውነት ነው፣ ማንም አላየም። እውነት ነው፣ ጋሽ ሷሊህ ሳያውቁ በደስታ በልተዋል። ዝም ብትል ነገም ይመጣሉ፤ ብትናገር ላይመጡ ይችላሉ። አዛናው ከሞተ ወዲህ በየቀኑ «ደህና ዋልሽ ወይ?» የሚላት ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። እሳቸው ከቀሩ አዛናው ሁለተኛ ይሞትባታል።

«እሳቸው አያውቁም» አለች በመጨረሻ። «እኔ ግን አውቃለሁ። ነገ ደግሞ ለሌላ ሰው ‹ዋሱ እኔ ነኝ› ሲሉ ምን ብየ ልስማቸው? የፊተኛው የልጀ ጥፋት ነው፤ የነገው ግን የራሴ ይሆናል።»

«ተይ ይቅርብሽ፤ ሰው ይበተንብሻል።»

«ይበተን።»

ምሳ ሰዓት ደረሰ። አራት ሰዎች እጃቸውን ታጥበው ተቀምጠዋል፤ ሳጂድም ጭነቱ ስላላለቀ አለ። እሳት አልነደደም። አየሁሽ ነጠላዋን አስተካክላ መሐላቸው ቆመች፤ እጇን የምታሳርፍበት አጥታ ሚስማሩ ያለበትን እንጨት ያዘች።

«የምነግራችሁ አለኝ» አለች። «ሰኞ ዕለት በዚህ መጥበሻ የክርስቲያን ሥጋ ተጠብሶበታል። እኔ አልነበርሁም፤ ስሰማ ትናንት በልታችሁ ተነሥታችኋል። ልጀ ናት፣ ሳታውቅ ነው፣ ጥፋቱ ግን ያልነገርኋት የእኔ ነው። ይቅር በሉኝ።»

ሳጂድ ተነሣ። ወደ አየሁሽ አላየም፤ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «አባት፣ ዋሱ እርስዎ ነበሩ» አላቸው። ይህን ብቻ ብሎ ወደ መኪናው ሄደ። ስድብ ቢሆን ይቀል ነበር። ሁለት ጫኞች ተከተሉት። ጋሽ ሷሊህ መሬት መሬት እያዩ ቆዩ። ከዚያ ከዘራቸውን ፈለጉ፣ ተነሡ፣ ወጡ። አየሁሽ ሜዳውን አቋርጠው መጋዘኑ ጥግ እስኪታጠፉ በዓይኗ ሸኘቻቸው። ወደ ኋላ አልዞሩም።

ሐሙስ አልመጡም። ዓርብ አልመጡም። ቅዳሜ እየሩስ ወደ ሥራዋ የምትመለስበት መኪና ተገኘ። አየሁሽ መጥበሻውን በነጭ ጨርቁ እንደተጠቀለለ አምጥታ ከልጇ ሻንጣ ላይ አኖረችው።

«እማየ፣ እባክሽ... የአባየ ዕቃ እኮ ነው።»

«ብረቱ ምን አጠፋ? ውሰጅው። ሥጋም ጥበሽበት፣ እንቁላልም ጥበሽበት፤ የአባትሽን እጅ ታስታውሽበታለሽ። እዚህ ግን ሥራው አብቅቷል።»

ልጅቱ አለቀሰች፤ እናትየው አላለቀሰችም። መኪናው አቧራውን አስነሥቶ ሲሄድ እጇን ወደ ብብቷ ሰደደች፤ መጥበሻውን የምትይዝበት ቦታ ባዶ መሆኑ ያኔ ገባት።

ሰኞ ዕለት አየሁሽ ሚስማሩን ልትነቅል ወደ ራኩባዋ ወረደች። ባዶ ሚስማር ማየት አልቻለችም። በድንጋይ ግራና ቀኝ እየመታች ስታላላው ከኋላዋ የከዘራ ድምፅ ሰማች።

«ሚስማሩ ምን አደረገሽ?»

ጋሽ ሷሊህ ናቸው። ከስተዋል። በአንድ እጃቸው ከዘራቸውን፣ በሌላው ውሃ ያለበት የዱቄት ወተት ጣሳ ይዘዋል። አየሁሽ ድንጋዩን ጣለች።

«መጥበሻው የለም፣ ጋሽ ሷሊህ። ለልጅቱ ሰጠኋት።»

«መጥበሻ ማን ጠየቀሽ? እሳቱን አንድጅው።»

ተቀመጡና ከጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈቱ። አንድ እንቁላል ወጣ። «የዶሮየ ነው፤ ዛሬ ጧት የጣለችው። ቀቅይው። የዚህን ቅርፊት የዘጋው ፈጣሪ ነው፤ ማንም አልነካካውም።»

አየሁሽ እሳት አነደደች፣ ጣሳውን ጣደች፣ እንቁላሉን በቀስታ ውሃው ውስጥ አስገባችው። ሰመጠ። ሁለቱም ጣሳውን እያዩ ተቀመጡ።

«ተቆጥቸ የሄድሁ መስሎሻል» አሉ ጋሽ ሷሊህ።

«መስሎኛል እንጅ። ሰው ፊት አዋረድሁዎት።»

«ያ ልጅ ያለኝ አልጎዳኝም። ሸሁን ጠየቅሁ፣ ‹ሳታውቅ ነው፣ ምንም የለብህ› አሉኝ። እሱ አይደለም።» ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «ቤቴ ገብቸ ራሴን ጠየቅሁት። ነገሩ የተገለበጠ ቢሆንስ? የእኔ ልጅ በእናንተ ዕቃ እንደዚያ አድርጋ ቢሆን፣ አንችም በልተሽ ቢሆን፣ እነግርሽ ነበር ወይ? አልነግርሽም ነበር፣ አየሁሽ። አጥቤ እሰቅለው ነበር። ይኸን ካወቅሁ በኋላ ፊትሽን ማየት አፈርሁ። የቀረሁት ለዚያ ነው።»

አየሁሽ እንጨቱን ወደ እሳቱ ገፋች። ውሃው ፈላ። እንቁላሉ በሰለ፣ በረደ፤ ሽማግሌው ልጠው ነጩን በጣታቸው አበሱ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከተቀመጡበት አሮጌ ጆንያ አፍ ላይ ክር መዘዙ። ሊጠመጥሙት ሞከሩ፤ ክሩ ከጣታቸው እየሾለከ አልያዝ አላቸው። አንዴ፣ ሁለቴ ሞከሩ።

አየሁሽ ክሩን ከእጃቸው ወሰደች። ሲደረግ በዓይኗ አይታ አታውቅም፤ በወሬ ብቻ ነው የምታውቀው። በእንቁላሉ ወገብ ዙሪያ ጠመጠመችው፣ ግራና ቀኝ ሳበችው። አስኳሉ ሳይፈረፈር ለሁለት ተከፈለ። ግማሹን በሁለት እጇ ለጋሽ ሷሊህ ሰጠቻቸው። ሌላው ግማሽ መዳፏ ላይ ቀረ።

«ብይ እንጅ» አሏት።

«እኔ እንቁላል...»

«አውቃለሁ። ይኸን ሁሉ ዓመት ከአጠገብሽ ስበላ የማላይ መሰለሽ? ሃምሳው ነው፤ ጾም የለብሽም። ብይው፣ እህቴ። ይኸ የእሱ ድርሻ ነው፤ እሱ ደግሞ ለአንች ነው የተወው።»

እንዴት እንዳወቁ አልጠየቀችም። ምናልባት አዛናው ራሱ ነግሯቸው ይሆናል፤ ምናልባትም እንዲያው የተናገሩት ነው። ግማሹን እንቁላል ወደ አፏ አስገባችው። አስኳሉ ምላሷ ላይ ሲፈርስ፣ እነዚያን ሁሉ ዓመታት ቆመው የቆዩት እንባዎች በአንድ ጊዜ ወረዱ። በነጠላዋ ጫፍ ልትጠርጋቸው አልሞከረችም። ጋሽ ሷሊህም እንዳላዩ ሆነው የራሳቸውን ድርሻ ቀስ ብለው ያኝካሉ።

«ጨው የለውም» አለች አየሁሽ።

«የለውም» አሉ ሽማግሌው። «ያን ቀንም አልነበረውም።»